የአጥንት መሳሳትና ርካሹ መርፌ ፤ ከመካነ ሰላም ሲታይ

በቦረናና በሣይንት ደጋ ያደገ ሰው ሁሉ አንዲት የጎበጠች አሮጊት ያውቃል። ልጆች ሳለን እንስራ አዝላ ዳገቱን ቀጥ ብላ ትወጣ የነበረች ሴት ፤ ልጆችዋን ድራ ፤ ካረጠች ከዐሥርና ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ፤ ቁመትዋ አጥሮ ፤ ጀርባዋ ታጥፎ ፤ በምርኩዝ ስትሄድ እናያታለን። ምን ሆና ነው ብለን ብንጠይቅ የሚሰጠን መልስ «እርጅና ነዋ!» የሚል ነው። እኔም አያቴ ከመደብ ስትወርድ አዳልጧት እዚያው ወለሉ ላይ ወድቃ ዳሌዋ እስኪሰበር ድረስ ከዚህ የተለየ መልስ አልነበረኝም። ያን ከመሰለ ትንሽ አወዳደቅ ጤነኛ አጥንት አይሰበርም። ወጌሻው መጥቶ «አይዞዎት እማማ ፤ ይገጥማል» ቢላት ፤ እርስዋ «ልጄ ፤ ነቀዝ የገባበት ባቄላ ከላይ ሲያዩት ሙሉ ነው» ብላ መለሰችለት። አጥንቱ አልገጠመም። ከመደቡም ሳትነሣ በዓመቱ ዐረፈች።

ውድ አንባብያን ፤ አያቴ በባቄላ የመሰለችውን ነገር ሐኪሞች ኦስቲዮፖሮሲስ ይሉታል ፤ እኛ የአጥንት መሳሳት እንበለው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የእርስዋ ነገር ብቻ አይደለም። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ዴኖሱማብ የሚባል በየስድስት ወሩ የሚወጋ መርፌ አለ። ዋጋው ለብዙ ዓመት የማይቀመስ ነበር። ከእ.ኤ.አ. 2024 ወዲህ ግን ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሩአቸው ፤ ባዮሲሚላር የተባሉ አምሳያዎች ፤ በሴቶች ላይ ተፈትነው ከመጀመሪያው ጋር እኩል መሆናቸው ታይቶ በአሜሪካና በአውሮጳ ተፈቅደዋል። ይህን ወሬ የሰማ አንድ የዶርም ጓደኛዬ «በል እንግዲህ ፤ ለእናቶቻችንም ደረሰላቸው!» አለኝ። ደርሶላቸዋልን? ለዚህ ጥያቄ በቅን መልስ ለመስጠት ፤ አጥንት እንዴት እንደሚሳሳ ፤ መርፌው ምን እንደሚሠራ ፤ «እኩል ነው» የሚለውም ፍርድ በምን ዓይነት ፈተና እንደተሰጠ ማወቅ ያስፈልጋል። (እ.ኤ.አ. ያልሁበት ዘመን በአውሮጳ አቆጣጠር ነው ፤ ዓ.ም. ብቻ ያልሁበት በእኛው ነው።)

አጥንት እንዴት ይሳሳል?

አጥንት እንደ ድንጋይ የሞተ ነገር የሚመስለን ብዙዎች ነን። እርሱ ግን ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲሠራ የሚኖር ሕያው ነገር ነው። ኦስቲዮክላስት የሚባሉ ሕዋሳት አሮጌውን አጥንት ይቦረቡራሉ ፤ ኦስቲዮብላስት የሚባሉት ደግሞ ተከትለው አዲሱን ይሞላሉ። አፍራሾቹና ሠሪዎቹ እኩል እስከ ሄዱ ድረስ ሰውዬው ምንም አይታወቀውም። በሴት ሰውነት ውስጥ አፍራሾቹን ልጓም ከሚያስገቡላቸው ነገሮች ዋናው ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ነው። ሴት ስታርጥ ኤስትሮጅንዋ ይቀንሳል ፤ ልጓሙም ይላላል። ከዚህም የተነሣ ካረጠች በኋላ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አጥንትዋ በፍጥነት ይሳሳል።

ነገሩ ክፉ የሚሆነው ሕመም ስለሌለው ነው። አጥንት ሲሳሳ አይቆረጥምም ፤ አያተኩስም። ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ራሱ ስብራቱ ነው ፤ ይኸውም በእጅ አንጓ ፤ በአከርካሪ ወይም በዳሌ ላይ ይደርሳል። የአከርካሪ አጥንት እንደ እንጨት ቀጭ ብሎ አይሰበርም ፤ ከላይ በተጫነው ክብደት እንደ ተረገጠ ጣሳ ይጨፈለቃል። አንዱ ሲጨፈለቅ ቁመት ያጥራል ፤ ሁለትና ሦስት ሲሆኑ ጀርባ ይጎብጣል። እንግዲህ በየመንደራችን «እርጅና» የምንለው ጉብጠት አንዳንዱ ማንም ያላየው ፤ ማንም ያላሰረው ስብራት ነው ማለት ነው።

በሽታውን ለመለካት ዴክሳ የሚባል ቀላል የራጅ ጨረር የሚጠቀም መሣሪያ አለ። እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ መሠረት ፤ የአንዲት ሴት የአጥንት እፍጋት ከጤነኛ ወጣት ሴቶች አማካይ በ2.5 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ የአጥንት መሳሳት አለባት ይባላል። ይህ መሣሪያ በወረዳ ሆስፒታል የሚጠበቅ ዕቃ አይደለም።

ቀድሞ ይህ በሽታ በአገራችን ብዙ ያልተወራለት ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የኢትዮጵያውያን አማካይ ዕድሜ ከ50 ዓመት በታች ነበር ፤ ዛሬ ከ65 ዓመት በላይ ሆኖአል። እናቶቻችን ካረጡ በኋላ የሚኖሩት ዘመን ረዝሞአል ፤ አጥንታቸው የሚሳሳበትም ዘመን አብሮ ረዝሞአል።

መርፌው ምን ይሠራል?

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ሊቃውንት አንድ ትልቅ ምሥጢር አገኙ። አፍራሾቹ ሕዋሳት ለሥራ የሚነሡት ራንክ ሊጋንድ የሚባል የፕሮቲን መልእክት ሲደርሳቸው ነው። ሰውነት ደግሞ ይህን መልእክት በመንገድ ላይ ይዞ የሚያስቀር ኦስቲዮፕሮቴጄሪን የሚባል ሌላ ፕሮቲን በተፈጥሮው ያዘጋጃል። ዴኖሱማብ ይህንኑ የመያዝ ሥራ እንዲሠራ በሰው እጅ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ነው። መልእክቱን ይይዛል ፤ አፍራሾቹም ትእዛዝ ሳይደርሳቸው ይቀራሉ። 60 ሚሊግራም ከቆዳ ሥር ሲወጋ ኃይሉ ስድስት ወር ያህል ይቆያል።

የመጀመሪያው አምራች አምጄን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሆን ፤ መድኃኒቱን ፕሮልያ ብሎ እ.ኤ.አ. በ2010 ለገበያ አቀረበው። ከዚያ በፊት በ2009 ውጤቱ የታተመው ፍሪደም የተባለ ሙከራ ፤ ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 90 ዓመት የሆኑ 7,868 ሴቶችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ፤ ለገሚሶቹ መድኃኒቱን ፤ ለገሚሶቹ ባዶ መርፌ እየሰጠ ሦስት ዓመት ተከታትሎአቸው ነበር። ባዶ መርፌ ከተወጉት ከመቶው 7.2 የሚሆኑት አዲስ የአከርካሪ ስብራት ደረሰባቸው ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ግን 2.3 ብቻ። የዳሌ ስብራት ከመቶ 1.2 ወደ 0.7 ወረደ።

እዚህ ላይ ቁጥሩን ቆም ብለን እንመርምረው ፤ ለተማሪ ይጠቅማልና። የአከርካሪው ስብራት ልዩነት ከመቶ ሴቶች 5 ያህል ነው። ስለዚህ አንዲቱን ለማዳን 20 ያህል ሴቶችን ሦስት ዓመት መውጋት ያስፈልጋል። የዳሌው ልዩነት ግን ከመቶ ግማሽ ሴት ናት። አንዲት ሴት ከዳሌ ስብራት እንድትድን 200 ሴቶች በሦስት ዓመት ውስጥ 6 ጊዜ ይወጋሉ ፤ በጠቅላላው 1,200 መርፌ ማለት ነው። ጋዜጣ «የዳሌን ስብራት በ40 በመቶ ቀነሰ» ብሎ ቢጽፍ ሐሰት አልተናገረም ፤ ሆኖም 1,200ውን መርፌ የሚከፍለው ሰው ማን እንደሆነ አልነገረንም። አንዱ የፕሮልያ መርፌ በአሜሪካ የዋጋ ዝርዝር ከ1,500 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ መውጣቱን የምናስታውስ ሁላችን ሒሳቡን በቀላሉ እንጨርሰዋለን።

ጨውና እርሾ

የመድኃኒት የባለቤትነት መብት ዘመኑ ሲያልቅ ሌላ ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል። ዳሩ ግን ሁሉም መድኃኒት በአንድ ዓይነት አይቀዳም። ጨው ከአፋር ቢመጣ ከባሕር ማዶ ቢመጣ ያው ጨው ነው። ለአጥንት መሳሳት የሚዋጠው አሌንድሮኔት የሚባለው ኪኒን እንዲህ ያለ ነው ፤ ሞለኪዩሉ ትንሽ ስለሆነ ማንኛውም በቂ ኬሚስት አንድ ዓይነት አድርጎ ይሠራዋል። አምሳያውን ለመፈተንም ጥቂት ጤነኛ ፈቃደኞች ሁለቱን በየተራ ይውጣሉ ፤ ደማቸው እየተቀዳ መጠኑ ይለካል ፤ የሁለቱ ንጽጽር ከ80 እስከ 125 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ከገባ ያልፋል። አዲስ አበባም ለዚህ ሥራ የተቋቋመ የምሥራቅ አፍሪቃ ማዕከል አላት።

ዴኖሱማብ ግን የጨው ወገን ሳይሆን የእርሾ ወገን ነው። የሚያዘጋጁት ከሃምስተር የእንቁላል ዕጢ የተወሰዱ ሕያዋን ሕዋሳት ናቸው ፤ በትልልቅ በርሜሎች ውስጥ ይረባሉ ፤ አንቲቦዲውንም ያመርታሉ። የየቤቱ እርሾ ልዩ ልዩ እንደሆነ ፤ የየፋብሪካውም ሕዋስ ልዩ ልዩ ነው ፤ የመጀመሪያው አምራችም የራሱን እርሾ ለጎረቤት አያበድርም። አዲሱ ፋብሪካ የፕሮቲኑን የአሚኖ አሲድ ተራ አንድ አድርጎ ቢጽፈውም ፤ በላዩ የሚለጠፈው የስኳር ሰንሰለት በጥቂቱ ሊለያይ ይችላል። (የመጀመሪያው አምራች የዛሬ ዓመቱና የዘንድሮው ምርትም እንዲሁ በጥቂቱ ይለያያል ፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።) ስለዚህ «አንድ ዓይነት ነው» ማለት አይቻልም። የሚቻለው «ልዩነቱ ለታማሚዋ ለውጥ አያመጣም» ብሎ ማስረዳት ነው። ባዮሲሚላር የሚለውም ስም ከዚህ የመጣ ነው።

ፈተናው

አሁን ወደ ዋናው ትምህርት ደረስን። አንድ መድኃኒት ከሌላው እንደሚበልጥ ማስረዳት አንድ ነገር ነው ፤ ከሌላው እንደማይለይ ማስረዳት ግን ሌላ ፤ ብዙዎቻችንም በስታቲስቲክስ ክፍል የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ልዩነት አላገኘሁም» ማለትና «ልዩነት የለም» ማለት አንድ አይደሉም። ዐሥር ሴቶችን ብቻ የፈተነ ሰው ምንም ልዩነት ላያገኝ ይችላል ፤ ይህ ግን ዓይኑን ጨፍኖ «ማንም አላለፈም» እንደሚል ዘበኛ ነው። ስለዚህ የእኩልነት ሙከራ የሚያደርጉ ሰዎች ሥራውን ሳይጀምሩ አንድ ወሰን ይተክላሉ ፤ «ልዩነቱ ከዚህ ወሰን ወዲህ ከሆነ ለአጥንት ምንም አይደለም» ይላሉ። ከሙከራው በኋላ የተገኘው ልዩነት ብቻ ሳይሆን ፤ በዕድል ምክንያት ሊወላወል የሚችልበት ክልል ሁሉ ከወሰኑ ውስጥ መግባት አለበት። ክልሉ አንድ ጣት እንኳ ከወሰኑ ከወጣ ፈተናው ወድቆአል።

ሳንዶዝ የተባለው ኩባንያ ያደረገው ሮሳልያ የተባለ ሙከራ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ካረጡ በኋላ አጥንታቸው የሳሳ 527 ሴቶች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ ፤ ገሚሶቹ ፕሮልያን ፤ ገሚሶቹ አዲሱን አምሳያ ተወጉ ፤ ሐኪሙም ሴቲቱም የትኛው እንደሆነ አያውቁም ነበር። ከ52 ሳምንት በኋላ የወገባቸው አከርካሪ እፍጋት ስንት በመቶ እንደጨመረ ተለካ። አስቀድሞ የተተከለው ወሰን ወዲህና ወዲያ 1.45 በመቶ ነበር። የልዩነቱ ክልል በሙሉ በወሰኑ ውስጥ ገብቶ ተገኘ። ከዚህም ሌላ አጥንት ሲፈርስ በደም ውስጥ የሚታየው ሲቲኤክስ የተባለው ምልክት ተለካ ፤ ሰውነታቸው መድኃኒቱን እንደ ጠላት ቆጥሮ የራሱን አንቲቦዲ አውጥቶበት እንደሆነ ተመረመረ። ከዓመቱ በኋላ ደግሞ ፕሮልያን ይወስዱ ከነበሩት አንዳንዶቹ ወደ አምሳያው ተዛውረው እስከ 78ኛው ሳምንት ድረስ ታዩ ፤ ምክንያቱም በገበያ ላይ በእውነት የሚሆነው ይህ ነውና። አምሳያው ጁቦንቲ ተብሎ በመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ተፈቀደ። የደቡብ ኮርያዎቹ ሳምሰንግ ባዮኤፒስና ሴልትርዮንም በ457ና በ479 ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ሙከራ አድርገው በ2025 ፈቃድ አገኙ።

ጠንቃቃ አንባቢ «እንዴት ነው? ስብራት ሳይቆጠር ፈተና ይባላልን?» ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስብራት ለመቁጠር እንደ ፍሪደም ብዙ ሺህ ሴቶችና ብዙ ዓመት ያስፈልጋል ፤ ያን ያህል ወጪ ያወጣ ፋብሪካ ደግሞ መድኃኒቱን በርካሽ ሊሸጥ አይችልም። ስብራት ስለ መቀነሱ ያለው ማስረጃ በመጀመሪያው መድኃኒት ቀርቦአል ፤ የአምሳያው ዕዳ እኩልነቱን ማሳየት ብቻ ነው። እንዲያውም የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻለው መመሪያ ፤ የላቦራቶሪውና የደሙ ንጽጽር በቂ ከሆነ በታማሚዎች ላይ የሚደረገው ትልቁ ሙከራ ላያስፈልግ እንደሚችል ገልጾአል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣንም በ2025 መጨረሻ ይህንኑ የሚመስል ረቂቅ ሲያወጣ ፤ አንዱ ሙከራ በአማካይ 24 ሚሊዮን ዶላርና ከ1 እስከ 3 ዓመት እንደሚፈጅ ተናግሮአል። ይህ ወጪ በመጨረሻ የሚጫነው በመርፌው ዋጋ ላይ ነው። እኔ በበኩሌ ሐሳቡን እደግፋለሁ።

አንዳንድ ጓደኞቼ ግን «የእኛ እናቶች ያልተፈተኑበት መድኃኒት ለእኛ እኩል ነው ሊባል አይችልም» ብለው ተከራክረውኛል። ፍሪደም የተደረገው በአውሮጳ ፤ በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ፤ በአውስትራልያና በኒውዚላንድ ነው ፤ አፍሪቃ የለችበትም። ይሁንና ራንክ ሊጋንድ በቦረና ሴት አጥንት ውስጥም ያው ራንክ ሊጋንድ ነው። 527 ሴቶችን መካነ ሰላም ላይ ሰብስቦ ሮሳልያን መድገም ለማንም አይረባም። ሊመረመር የሚገባው ሌላ ነገር ነው። በፍሪደም የነበሩ ሴቶች ሁሉ በየቀኑ ቢያንስ 1,000 ሚሊግራም ካልሲየምና ቪታሚን ዲ ይሰጣቸው ነበር። ዴኖሱማብ አፍራሾቹን ሲያቆም አጥንት ወደ ደም የሚለቀው ካልሲየም ይቀንሳል ፤ ስለዚህ ካልሲየም በጎደላት ሴት ላይ የደሙ ካልሲየም አደገኛ በሆነ መጠን ሊወርድ ይችላል። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ባለሥልጣን ኩላሊታቸው በጣም ለደከመ ሰዎች ስለዚሁ ነገር ብርቱ ማስጠንቀቂያ በመድኃኒቱ ላይ እንዲጻፍ አድርጎአል። ጤፍ ከብዙው እህል ይልቅ ካልሲየም አለው ፤ ነገር ግን በደጋው ዘወትር የሚበላው ገብስና ስንዴ ፤ ባቄላና አተር ነው። መርፌው ሳይወጋ የደም ካልሲየምና ኩላሊት መታየት አለባቸው።

ሁለተኛው መርፌ

እስካሁን ያልነገርኋችሁ አንድ ነገር አለ ፤ የጽሑፌም ዋና ነገር እርሱ ነው። ዴኖሱማብ በአጥንት ውስጥ አይቀመጥም። ስድስት ወሩ ሲያልፍ ኃይሉ ያልቃል ፤ ያን ጊዜ ታግደው የቆዩት አፍራሾች በአንድ ጊዜ ይለቀቃሉ ፤ ከመድኃኒቱ በፊት ከነበሩበትም በላይ ይሠራሉ። የተገኘው እፍጋት በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ይጠፋል ፤ በአንዳንድ ሴቶችም ላይ ብዙ የአከርካሪ አጥንት በተከታታይ ይጨፈለቃል። በእንግሊዝ አገር መዝገብ ላይ ተመሥርቶ በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ፤ ቀጣዩን መርፌ ከቀጠሮው ከ16 ሳምንት በላይ አዘግይተው በወሰዱት ላይ የአከርካሪ ስብራት በቀኑ ከወሰዱት ወደ 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ እንደተገኘ አሳይቶአል። መርፌውን ሁለት ጊዜ ወስዳ ያቋረጠች ሴት ፈጽሞ ካልጀመረችው ይልቅ ልትጎዳ ትችላለች ማለት ነው።

እንግዲህ ይህን ይዘን ወደ መካነ ሰላም እንሂድ። መድኃኒት ከደሴ ቅርንጫፍ መጋዘን ተጭኖ በጉጉፍቱና በአቀስታ አድርጎ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይመጣል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ያሉት የቦረና ፤ የወግዲና የመሐል ሣይንት ቀበሌዎች አንዳንዶቹ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው ፤ ምድሩም ከደጋው ወደ ዐባይ ሸለቆ ሲወርድ በአንድ ቀን ጉዞ ከብርድ ወደ ሐሩር ይለወጣል። ዴኖሱማብ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በማቀዝቀዣ መቆየት አለበት ፤ ፕሮልያ ከወጣ በኋላ ከ25 ዲግሪ በታች የሚቆየው 14 ቀን ነው። የክረምቱን ጭቃ ሁላችን እናውቀዋለን። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ትልቁ ሆስፒታል ተዘርፎ አገልግሎቱ ተቋርጦ ነበር ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሮአል። በቀኑ መወጋት ግዴታ የሆነበትን መድኃኒት በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ማንጠልጠል በሚገባ ሊታሰብበት ይገባል። ዋጋው ወርዶ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ይህ ችግር በዚያው ልክ አይወርድም።

ሌላስ መድኃኒት የለምን? አለ ፤ ያውም የቆየና ርካሽ። አሌንድሮኔት በሳምንት አንድ ጊዜ የሚዋጥ ኪኒን ሲሆን የባለቤትነት መብቱ በአሜሪካ ካበቃ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ብዙ ፋብሪካዎች ይሠሩታል። ጣጣው አወሳሰዱ ነው። ጧት በባዶ ሆድ በውኃ ብቻ ይዋጣል ፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳይጋደሙ ፤ ምንም ሳይቀምሱ መቆየት ይገባል ፤ አለዚያ ጉሮሮ ይልጣል። ከቡና ጋር ከተወሰደ ወደ ሰውነት የሚገባው በ60 በመቶ ያህል ይቀንሳል። የወሎን እናት በጧት ከቡና መለየት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያሻኝም ፤ ነገር ግን ከስድስት ወር መርፌ ይልቅ የግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ይቀላል ባይ ነኝ።

ከሁሉ ይልቅ ለእኛ አገር የሚስማማ ሆኖ ያገኘሁት ዞሌድሮኔት የሚባለው ነው። እርሱም ትንሽ ሞለኪዩል ስለሆነ የጨው ወገን ነው። 5 ሚሊግራም እንደ ግሉኮስ በደም ሥር ከ15 ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ ይንጠባጠባል ፤ በአጥንትም ውስጥ ተጣብቆ ለዓመታት ይቆያል። በኒውዚላንድ 2,000 ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች በየ18 ወሩ አራት ጊዜ ወስደውት ወይም ባዶ ፈሳሽ ተሰጥቶአቸው ለ6 ዓመት ታይተው ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ፤ ባዶ ከወሰዱት 190 ሴቶች ፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት 122 ሴቶች ተሰበሩ። እዚያው አገር በ2025 የታተመው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቃል። ከ50 እስከ 60 ዓመት ከሆኑ 1,054 ሴቶች መካከል አንዲት ጊዜ ብቻ የወሰዱት በ10 ዓመት ውስጥ ከመቶ 6.6 የሚሆኑት አዲስ የአከርካሪ መጨፍለቅ ሲገኝባቸው ፤ ምንም ካልወሰዱት 11.1 ሆነዋል። አንድ ጠብታ ለዐሥር ዓመት! መንገድ ቢዘጋ ፤ ሴቲቱ ብትዘገይ ፤ አጥንትዋ አይቀጣትም።

ታዲያ ርካሹ ዴኖሱማብ ለምን ይምጣ? የሚያስፈልጋቸው ሴቶች አሉና። ኩላሊታቸው የደከመ አንዳንዶች ዞሌድሮኔትን አይችሉም ፤ አንዳንዶችም ሌላውን ሞክረው ይሰበራሉ። ለእነዚህ መርፌው ይምጣ ፤ ከነመመለሻው ግን ይምጣ። መመለሻውም ከምንም አይጀመርም። በገጠሩ የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወስዱ ሴቶች በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቀጠሮ ተይዞላቸው ሲመላለሱ ኖረዋል። (በነገራችን ላይ ያ መርፌ ራሱ የአጥንት እፍጋት ይቀንሳል ፤ ሲቆም ግን በአብዛኛው ይመለሳል።) የክትባት ማቀዝቀዣ በየጤና ጣቢያው የታወቀ ዕቃ ነው። የማኅበረሰብ ጤና መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ለሙከራ ከተጀመረባቸው 13 ወረዳዎች አንዱ የራሳችን ዞን ተሁለደሬ ነበር ፤ ስለዚህ ዋጋውን በጋራ መሸከምም እንግዳ ነገር አይደለም።

በመካነ ሰላም ሊደረግ የሚገባው ጥናት እንግዲህ የመመለሻው ጥናት ነው። የመድኃኒት ሙከራ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የኢትዮጵያ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ ነው ፤ የቀጠሮ መዝገብ ግን ከዛሬ ጀምሮ ሊያዝ ይችላል። ካረጡ በኋላ በትንሽ አወዳደቅ የተሰበሩ እናቶች ተመዝግበው ፤ በስድስተኛው ወር ስንቶቹ ሊመጡ እንደቻሉ ፤ ያልመጡትም በመንገድ ፤ በገንዘብ ወይም በመርሳት እንደቀሩ ይቈጠር። ከመቶ 20 የሚቀሩ ከሆነ ዴኖሱማብን ለብዙኃኑ መስጠት ጉዳት ነው ፤ ዞሌድሮኔት ይሻላል። ከመቶ 3 ብቻ ከሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ይህን ለመቁጠር ዴክሳም ፤ ሚሊዮን ዶላርም አያስፈልግም ፤ ደብተር ፤ ስልክና ሁለት ክረምት የሚታገሡ ተማሪዎች ይበቁታል።

ለጓደኛዬም የመለስሁለት ይህንኑ ነው። እርሱ ግን የዋዛ ሰው አይደለምና ቀን መቁጠሪያውን አውጥቶ ያሰላ ጀመር። በጥር የተወጋች ሴት ሁለተኛዋ በሐምሌ ይውላል ፤ በየካቲት የተወጋች በነሐሴ። በጥቅምት ብትጀምር ግን ተከታዩ በሚያዝያ ነው ፤ የበልግ ዝናብ እንኳ ቢኖር ክረምቱ እስኪገባ ድረስ ከአንድ ወር በላይ መጠባበቂያ ይተርፋታል ፤ ሦስተኛውም ተመልሶ በጥቅምት ይሆናል። «እንግዲያው መዝገቡ በጥቅምት ይከፈት» አለ። እኔም ተስማማሁ።